የታፈነው ጡብ

ወይዘሮ ውድነሽ አርባ ዓመት ሸክላ ሲሠሩ ኖረው፣ "ታውቃለች" ያላቸው አንድ ሰው የለም። ፊደል ስላልቆጠሩ ሰዉ እጃቸውም መሃይም ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ደብረ ሲና ካለው ቤታቸው ሳይወጡ ጨረቃ ላይ ይሠራሉ። ሥራው የሚሠራው "ሩቅ እጅ" በሚሉት ዘዴ ነው፤ እሳቸው እዚህ ጓንት ያጠልቃሉ፣ እዚያ የብረት ጣቶች የእሳቸውን ጣት ይከተላሉ። የነኩት ነገር ስሜቱም፣ ንዝረቱም ድምፅ ሆኖ ተመልሶ ይደርሳቸዋል። ከጨረቃ አፈር በተጠበሰ ሸክላ የተሠራውን የሰዎች መኖሪያ ሠፈር ግድግዳ ጡብ በጡብ ይመረምራሉ። ከግድግዳው ወዲያ ሠላሳ ሰው ይተነፍሳል።

አለቃቸው ሚልክያስ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስክሪን ያያቸዋል። ሲያስነጥሱ ሳይቀር ይመዘግባል።

"እማማ፣ እጅዎ ቆመ።"

"እየሰማሁ ነው።"

"ለአንድ ጡብ የተፈቀደው አምስት ሰከንድ ነው። እርስዎ ሃያ ወሰዱ።"

"ድምፁ ከጨረቃ እስኪመጣ ሦስቱ ያልቃል። እሱንም በእኔ ላይ ቁጠረዋ።"

ማሰሮ ሳያንኳኳ የሚገዛ ሰው ውሃውን መንገድ ላይ ያፈሳል። ወይዘሮ ውድነሽ ጡቡን በጣታቸው አንጓ ደግመው መቱት። ጎረቤት ጡቦቹ እንደ ደወል ሲመልሱ የዚህኛው ድምፅ ታፈነ።

"ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል። ሰዎቹን አስወጣ።"

"የፍተሻ መሣሪያው ደህና ነው ይላል። ይለፉት፤ አለዚያ ጓንቱን እዘጋዋለሁ።"

"ዝጋው። የሰዎቹን ትንፋሽ አብረህ ትዘጋለህ።"

ሚልክያስ ጓንቱን አልዘጋም። ከበስተጀርባው አንድ ቀጭን የማሽን ድምፅ፣ "ተቆጣጣሪ ሚልክያስ፣ ውሳኔዎ ዘጠኝ ሰከንድ ዘግይቷል" ሲል ተሰማ። ለካ እሱንም የሚቆጥረው አለ።

"እማማ፣" አለ ድምፁ ወርዶ፣ "ከተሳሳትን ነገ እዚህ ወንበር ላይ የለሁም።"

"ከተሳሳትኩ አሮጊቷ ጃጀች ይባላል፣ አለቀ። ካልተሳሳትኩስ?"

ሚልክያስ ሰዎቹን አስወጣ። የመጨረሻው ሰው ወደ ጎረቤቱ ክፍል ገብቶ በሩን ከዘጋ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። አየሩ ሲወጣ ወይዘሮ ውድነሽ በጣቶቻቸው መሃል ሲያልፍ ተሰማቸው። እጃቸውን አላነሱም።

ሚልክያስ፣ "መሣሪያው ያልሰማውን እንዴት ሰሙት? ለማሽኑ እንድናስተምረው አስጽፈው ይላኩልኝ" አለ።

ወይዘሮ ውድነሽ ያዘኑት ይሄኔ ነው። መቁጠርን ለማሽን ያስተማረው የሰው ልጅ ነበር። አሁን ራሱ መልሶ ከማሽኑ እየተማረው ነው፤ ማዳመጡን መንገድ ላይ ጥሎት።

"አላስጽፍም" አሉ። "ነገ በእግርህ ትመጣለህ፣ በስክሪን አይደለም። አጠገቤ ተቀምጠህ ጓንቱን ታጠልቃለህ። እስክትሰማ ድረስ ማንም ሰከንድ አይቆጥርብህም። ያንን ቆጣሪህን ግን እዚያው ትተኸው ና።"