ስቶል ሥር

ሳሌም የማትፈታው ነገር ገና አልተፈጠረም። ይህን ያለችው ራሷ ናት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ባሕር ማዶ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ለመርማሪ መስፍን።

«ገዳዩን እስከ እሑድ አመጣልሃለሁ።»

መስፍን ቢጫውን የፖሊስ ክር እየጠቀለለ፣ «እናትሽ ነገ ጠዋት ጣቢያ ትመለሳለች» አላት። «የዚያን ጊዜ ወደ ቤት መሄዷን እንጃ። የእሷን ዕቃ ልትወስጂ አይደል የመጣሽው? ግቢ፣ ውሰጂ።»

ጋሽ መልከጸዴቅ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚያድሱ ሽማግሌ ነበሩ። ትናንት ከቀትር በኋላ በገዛ መዶሻቸው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ረዳታቸው ሠርካለም፣ የሳሌም እናት ናት። ደንግጣ መዶሻውን አንሥታው ስለ ነበር በላዩ የተገኘው አሻራ የእሷ ብቻ ሆነ።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው እንጨት ሥራ የተማሩት ቡልጋርያ፣ ሶፍያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መዝገብ ሲጽፉ ኖሩ፤ ስላቮች፣ ሩሲያዎቹም ቡልጋርያዎቹም፣ የእንጨትና የብረት ዕቃቸውን የሚጠሩበት ቃል ከየት እንደ መጣ። መጥረቢያውን ቶፖር ያሉት ከፋርስ ወገን ወስደው ነው፤ ሱንዱክ የሚሉት ሣጥን የኛው ሰንዱቅ ነው፣ ሁለታችንም ከዐረብ ያገኘነው፤ እያሉ ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም ያወሩ ነበር። በሞቱበት ቀን ጠዋት ለሦስት ሰዎች ብቻ የድምፅ መልእክት ላኩ፦

«አንድ ሰው መጽሐፌን በራሱ ስም ሊያሳትም መሆኑን ሰማሁ። ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም። አንድ ነገር ብሆን የእጅ ጽሑፉ ስቶል ሥር ነው።»

ሦስቱ ሠርካለም፣ ሶፍያ አብረዋቸው የተማሩት ወይዘሮ ማንአልሞሽና ሞስኮ የተማሩት አቶ ይርጉ ናቸው።

«ስቱል!» አለች ሳሌም ወደ ውስጥ እየገባች፤ «በርጩማ ማለታቸው ነው። ፖሊስ ሆናችሁ ይህ ጠፋችሁ?» በርጩማውን አንሥታ መስፍን ፊት ገለበጠችው። ሥሩ አንድ የደረቀ ማስቲካ ተለጥፏል።

«አሻራ ይነሣለት?» አለ መስፍን።

ሳሌም ፊቷ ጋለ። መስፍንን ላለማየት ብላ ዞር ስትል ነው ክፍሉን በደንብ ያየችው። ትልቁ ጠረጴዛ ተገልብጧል፤ እግሮቹ ተነቅለዋል፣ መሳቢያው ተፈልጧል። ሥሩ ያልደረቀ ጥቁር ቡናማ ቀለም ተቀብቶ ኖሮ የሚዳብሱ ጣቶች አዝረክርከውታል። አራቱ ወንበሮች ግን ማንም አልነካቸውም።

ለቅሶው ሬኒየር ቢች ሰፈር፣ በሠርካለም አፓርታማ ነበር። ሠርካለም ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን ታሻለች። ሳሌም ሻይ የምታድል መስላ ወይዘሮ ማንአልሞሽ አጠገብ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ መልእክቱን ሲሰሙ ለምን ወዲያው አልሄዱም?»

«ምን አስሮጠኝ? ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት ነገር ሥር አይደል? ከራሱ የበለጠ ምን ዘበኛ አለው ብዬ።» እንባቸው መጣ። «ምነው በሮጥኩ!»

አቶ ይርጉ መስኮቱ አጠገብ እጃቸውን ጃኬት ኪስ ከተው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ሻይ?»

«ይቅርብኝ።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ኤቨረት፣ ቤቴ። ሶ? ምን ይሁን? አንቺ ደግሞ መቼ ነው ፖሊስ የሆንሽው?»

«መልእክቱ ግን ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል። የቂል ሥራ! ሰው ምሳ የሚበላበት ነገር ሥር የዕድሜ ልኩን ድካም ይደብቃል?»

ሳሌም ሻዩን እንደ ያዘች ቆመች። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ለመስፍን ኮል አደረገች። «ወንበሮቹን ገልብጣቸው» ብቻ አለችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መስፍን ወፍራም መዝገብ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ገባ። ሳሌም መሃል ክፍሉ ላይ ቆመች።

«ስቶል ሲባል እኔ በርጩማ መሰለኝ። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ጆሮ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ማሚም እንደኔ ናት። ለመዝገቡ ብላ ሰው ብትገድል ኖሮ የምትገለብጠው በርጩማውን ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» አለች ሠርካለም።

«ቆይ ማሚ። እትዬ ማንአልሞሽ የሶፍያ ተማሪ ናቸው። እሳቸው ቢሆኑ መዝገቡን በአንድ ደቂቃ አግኝተው ይወጡ ነበር። መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ወንበር ሥር እንደ ታሰረ ነበር። መስፍን፣ አንብበው።»

መስፍን ገለጠ። «‹ስቶል። መዘርጋት ከሚለው የወጣ ነው። ሩሲያ ጠረጴዛ፣ ቡልጋርያ ወንበር ሆነ። አንዱ የሚቀመጥበትን ሌላው ይበላበታል።›»

«ጠረጴዛውን የፈለጠው እንግዲህ ሩሲያኛ የሚሰማ ጆሮ ነው» አለች ሳሌም።

አቶ ይርጉ ሳቁ። «ሞስኮ የተማረ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ሆነ?»

«ሞስኮ ከተማሩት መልእክቱ የደረሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ ያልደረቀ ቀለም ነበር። ማሚ ጓንት ሳታጠልቅ ስትሠራ ያንን ቀለም ከእጇ ለማስለቀቅ ሳምንት ይፈጅባታል።» ወደ ይርጉ ዞረች። «እጅህን አውጣ።»

አንተ በማለቷ ማንም አልተቆጣም።

ይርጉ ቀስ ብሎ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጣቶቹ ከጥፍሮቹ ሥር እስከ መጀመሪያው አንጓ ጠቁረዋል።

«ሠላሳ ዓመት ሲያወራ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ ወለሉን እያየ። «መጽሐፉ የእኔም ነው። ስጠኝ ብቻ ነበር ያልኩት። አሻፈረኝ አለ።»

መስፍን ካቴና አጠለቀለትና ወደ ሠርካለም ዞረ። «ነገ መምጣት አያስፈልግሽም።» ሠርካለም እዚያው ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ከትናንት ጀምሮ ያፈነችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት።

ሳሌም ጠበቀች። ወደ እሷ የዞረ ሰው የለም።

«ሃሎ? ጎበዝ የሚለኝ የለም?»

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ነጠላቸውን ከዐይናቸው ሳያነሡ መለሱላት።

«ጎበዝ። ታዲያ መልከጸዴቅ ተነሣልን?»