ወደ ወገዳ ስንሄድ ያገኘሁት ሰው

ጀላልን መጀመሪያ ያየሁት የመኪናውን በር እጀታ ነቅዬ፣ በእጄ ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜ ሳለ ነው። ምን ዓይነት ሃፍረት ነበር!

«መኪናህን ሰበርኩብህ...» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ከውስጥ እከፍትልሻለሁ» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቁ ልቤ ውስጥ ገባ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት መጨረሻ ነበር። ስሜ አዚዛ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው መካነ ኢየሱስ ሲሆን አባቴ ጁነይዲ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። የአባቴ እናት፣ እማማ ረሕመቶ፣ «ሳልሞት እህቴን አሳዩኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። እህቷ አይሻ ያለችው ስማዳ፣ ወገዳ ነው። ሃያ ዓመት አልተያዩም። አያቴ ደግሞ ጉልበቷ ከድቷት በቅሎ ላይ መቀመጥ አቅቷታል። አባቴ ከደብረ ታቦር ላንድሮቨር አስመጣና ድንኳንና ስንቅ ጭነን፣ እናቴ ሀኒፋም ሳትቀር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተነሣን። ባለመኪናውም ሾፌሩም ጀላል ነው።

መንገዱ መንገድ አልነበረም። ዳገት ሲመጣ ወርደን በእግራችን እንከተላለን፤ መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማዋ ሥር ድንጋይ እናደርጋለን። አያቴ ብቻ ከፊት ተቀምጣ፣ በተንገጫገጨች ቁጥር «ቢስሚላህ!» ትላለች። ጀላል ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ከጀርባዋ አደረገላት። እኔ ያንን አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ወንዝ በላይ፣ ደሴ የሚባል ገበሬ ማሳ ዳር ድንኳን ተከልን። እናቴ እንደ ልጅ እየሳቀች ካስማ ትመታለች። ቤተሰቤን እንዲያ ደስ ብሎት አይቼ አላውቅም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ግን ጀላልና ደሴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የማዶው ዳገት ክፉ ነው» አለ ደሴ።

«አሮጊቷ አትችለውም ብዬ ፈርቻለሁ» አለ ጀላል። «ካቃታት ወንዙ ዳር ጥያት እሄዳለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ!»

አያቴን! ያ ሁሉ ደግነት ለይምሰል ኖሯል? ራት ሳቀርብለት ፊቱን አላየሁም።

«አዚዛ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አልኩና ጥዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ መሐል መኪናዋ ድንጋይ ውስጥ ገብታ ቀረች። ውሃው እስከ ጉልበት ነው። ጀላል ማርሽ ቢቀይር፣ እኛ ብንገፋ፣ አልነቃነቅ አለች። ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ድንገት ደሴ ከዳር ሆኖ ጮኸ፦

«ደራሽ ውሃ መጣ! ውጡ! ውጡ!»

አባቴ እናቴን ይዞ ደሴ ወዳለበት ዳር ሮጠ። ጀላል የአያቴን በር ከፈተ። እኔ መሐላቸው ገባሁ።

«አትንካት! ወንዝ ዳር ልትጥላት እንዳሰብክ ሰምቻለሁ! ‹አሮጊቷ አትችልም› አላልክም?»

ፈዝዞ አየኝ። «አንቺ... አሮጊቷ የምላት እኮ መኪናዋን ነው!»

ጎንበስ አለና «እማማ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ። አንቺም ቀበቶዬን ያዢ፣ እንዳትለቂ!» አለ። ውሃው ወገባችን ሲደርስ ደሴና ጎረቤቶቹ ገመድ ወረወሩልን። ዳር ወጥተን ዞር ስንል መኪናዋን ደራሹ እንደ ቅርጫት እያንከባለለ ወሰዳት።

ጀላል ያለው ሀብት እሷ ብቻ ነበረች። አባቴ እጁን ይዞ አለቀሰ።

«ልጄ... ንብረትህ...»

«እማማ አሉ አይደል ጋሼ? አልሐምዱሊላህ።»

እኔም ቀረብኩት። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«የአያትሽን ክብር ነው የጠበቅሽ» አለኝ። «በዚህ እቀየምሻለሁ?»

ደሴ ቤቱ ወሰደን። በግ ጎትቶ መጣና «ጋሼ ጁነይዲ፣ በእናንተ ሥርዓት ራስዎ ይረዱት» ብሎ ቢላውን ለአባቴ ሰጠው። በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አያቴን በቃሬዛ ተሸክሟት ተነሣ፤ ከፊት ከያዙት አንዱ ጀላል ነበር። ወገዳ ደረስን። አያቴና እህቷ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ፊት በጣቷ ትዳብስ ጀመር።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ እህቴ... እኔው ነኝ።»

እንባውን ያልጠረገ ሰው አልነበረም።

ጠዋት ላይ ጀላል ማንንም ሳይሰናበት ዱላውን ይዞ ሲወጣ አየሁት። አጥሩ ጋ ደረስኩበት።

«ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ልቤ አንቺ ጋ ቀርቷል። ግን ትናንት ባለመኪና ነበርኩ፣ ዛሬ ባለ ዱላ ነኝ።»

«እኔ የወደድኩት መኪናህን መሰለህ? ሽማግሌ ላክ!»

«አባትሽ እሺ ይላሉ?»

ይህን ጊዜ ከጎጆው ውስጥ የአያቴ ድምፅ መጣ።

«አባቷን ለእኔ ተወው! የወለድኩት እኔ ነኝ!»

በመስከረም ሽማግሌዎች መጡ፤ በኅዳር ኒካሕ ታሰረ። ጀላል ከአባቴ ጋር መነገድ ጀመረ። አያቴ ወገዳ ቀርታ ሁለት ዓመት ከእህቷ ጋር ኖረች፤ ደስ ብሏት፣ በሰላም አረፈች።

እኛ አዝመራ በተሰበሰበ ቁጥር ደሴ ዘንድ ሄደን ድንኳን እንተክላለን። የመጀመሪያ ልጃችንን ይዘን የሄድን ጊዜ አባቴ እንደ ልማዱ ማመስገን ሲጀምር ደሴ አቋረጠው።

«ጋሼ፣ ምስጋናው ይብቃ፤ ይልቅ ልጅቷን ስጡኝ ልቀፋት።»

አቅፏት «እደጊ፣ እደጊ» እያለ በገብሱ ክምር ዙሪያ ይዟት ዞረ። ጀላል እንባዬን አይቶ ተጠጋኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም...» አልኩት። «ደስ ብሎኝ ነው።»