ያለ ቃል እምቢ ማለት

ማዳም ኢቬት የማጫወቻውን መርፌ ከሙዚቃው ሸክላ ላይ እንደገና አነሱት።

«ዘነበች፣ ራስ! ራስ ቀና!»

ዘነበች ከንፈሯን ነክሳ ቀና አለች። የምድር ባቡር ክበብ አዳራሽ እንደ ምድጃ ግሏል። በቲያትሩ አባቷን ሆኖ የሚጫወተው ክፍሉ የተባለው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ በመሀረብ አንገቱን ይጠርጋል።

ትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ የሚያሳየው አንድ የቆየ ቲያትር አለ፤ አባት ልጁን ለሀብታም ነጋዴ ሊድር ሲነሳ ልጅቱ እምቢ ትላለች። አምና ዘነበች በአባትየው ፊት አንገቷን ደፍታ ያንን ረጅም ንግግር ስታሰማ፣ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገዋል። ዘንድሮ የባቡር መሐንዲሱ ሚስት ማዳም ኢቬት ቲያትሩን ወደ ባሌት ዳንስ ለወጡትና ንግግሩን በሙሉ አወጡት። አሁን አባትየው እጇን ይዞ ወደ ነጋዴው ሲጎትታት፣ ዓይኑን እያየች መመንጨቅ አለባት።

እሱ ነው ያቃታት። ክፍሉ ሲቀርባት አንገቷ ሳታዝዛት ትወርዳለች፤ እግሯም ይከተላል። እቤት አባቷን አቶ ተሰማን ዓይን ዓይናቸውን እያየ የሚያናግር ልጅ የለም። አምና ቃሉ ነበረላት፤ ዘንድሮ ግን ያቺ የተደፋች አንገት እሺ ያለች ነው የምትመስለው።

ማዳም ዛሬ ካልተስተካከለች ቦታዋን አብራት ለምትለማመደው ለሃሊሞ እንደሚሰጡ አስነግረዋታል። ይህን የተረጎመችላት ደግሞ ፈረንሳይኛ የምትችለው ሃሊሞ ራሷ መሆኗ ይበልጥ አናደዳት።

በእረፍት ላይ ሃሊሞ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወላሂ፣ መሬት ላይ ሳንቲም የጠፋብሽ ነው የምትመስይው።»

«ተዪኝ። ቦታው እንደሆነ ያንቺ ነው።»

«አልፈልገውም አላልኩም፤ እፈልገዋለሁ። ግን አባትሽ የማትፈልጊው ቦታ ሂጂ ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ።»

«ከዚያስ ትሄጃለሽ?»

ዘነበች ወደ እግሮቿ አየች። ማዳም አጨበጨቡ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ክፍሉ መጣ፤ አንገቷም እንደ ልማዷ ወረደች። ከሸክላ ማጫወቻው በኩል የማዳም ረጅም ትንፋሽ ተሰማት። በዚህ ጊዜ ግን ቀና ለማለት አልታገለችም። ክፍሉ እጇን ይዞ ሳባት። ንቅንቅ አላለችም። ጠበቅ አድርጎ ሳባት።

«ነይ እንጂ» አላት በሹክሹክታ።

ሙዚቃው ጥሏቸው ሄደ። ማዳም እጃቸውን ወደ መርፌው ሰደዱ። ዘነበች ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ ተረከዟን ይበልጥ ተከለችው።