ሳትነሳ የደረሰችው

ይህ ተረት አይደለም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም ያየሁትን ካላየሁት እለያለሁ። የማያምን ካለ ተራራው እዚያው አለ፣ ወጥቶ ይሞክረው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዝናቡ ልዝነብ አልዝነብ እያለ ዳር ዳር ይላል።

ሐይቁ ዳር ያለችውን የመንገደኞች ማረፊያ ጎጆ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከተራራው ወዲያ ሌላ ሐይቅ አለ፣ ሌላ ጎጆም አለች። እሷን የምትጠብቀው ታናሽ እህቴ ናት። በመካከላችን ያለው ሸንተረር እንደ ቢላ ስለት የሳሳ ነው። ግራው ገደል፣ ቀኙ ገደል። ጎበዝ እግረኛ እንኳ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሲመሽ ነው የሚደርሰው።

እኔና እህቴ አንድ ሕግ አለን። መንገደኛ ከደጄ ሲወጣ በመገናኛ ሬዲዮ «ተነስቷል» እላታለሁ። እሷ ምድጃዋን ታሞቃለች። ሲገባላት «ደርሷል» ትለኛለች።

ደጃፉን ሳይሻገር ግን... «ተነስቷል» አይባልም። እናታችን ጎጆዎቹን ስታወርሰን ያስጠነቀቀችን ይህንኑ ነው። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም። እኛም አልጠየቅንም።

የልጅ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግታ በእርሳስ ታሰምራለች። በማግስቱ ሸንተረሩን ብቻዋን ልትሻገር ቆርጣለች።

«እዚህ ጋ ምሳ እበላለሁ። እዚህ ጋ ገመድ አስራለሁ...»

«እዚህ ጋ ደግሞ ትሞቻለሽ።»

«አያቴ፣ አንቺ በእኔ ዕድሜ ስንቴ ተሻግረሽዋል?»

«እኔ እግር ነበረኝ። አንቺ ያለሽ ምላስ ነው።»

«እሱንም ካንቺ ነው የወረስኩት።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ያ ገደል እንዲወስድብኝ አልፈልግም። ስለዚህ እንቅልፍ ሲጥላት የተራራ ጫማዋን ሐይቁ ውስጥ ልጥለው በሆዴ ወስኛለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

«ለማንኛውም ነገሩ አልቋል» አለች ሳቅ ብላ። «እንዳትከለክይኝ ብዬ ጠዋት እንጨት ስትለቅሚ ለእህትሽ፣ ለትንሿ አያቴ፣ በሬዲዮ ነግሬያታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ተነስቻለሁ ብዬ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» እህቴ ናት። «ልጅቷ ደርሳለች።»

ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ማን?»

«ማን ትያለሽ እንዴ። የልጅ ልጅሽ ናታ። ምድጃው ጋ አስቀምጫታለሁ፣ ግን ሊሞቃት አልቻለም።»

የልጅ ልጄን አየኋት። እርሳሱ ከእጇ ወደቀ።

«ፊቷን አይተሻል?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አየሁት እንጂ። ምን ነክቶሽ ነው ግን ልጅቷን በባዶ እግሯ የላክሻት? አያቴ ጫማዬን ሐይቅ ውስጥ ጣለችው ትላለች።»

ጫማው በሩ ሥር ነበር። ደረቅ። ቅባቱን ተቀብቶ ተቀምጧል...

«ስሚኝ እህቴ። ልጅቷ እዚህ ናት። አጠገቤ።»

ከወዲያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ...

«እየሰማችን ነው» አለች።

ሬዲዮው ጠፋ።

ጫማውን አንስቼ ወጣሁና ሐይቁ ውስጥ ወረወርኩት። ተባለም አልተባለም ልጄ እዚያ ሸንተረር ላይ አትወጣም።

«አዲስ ነበር እኮ» አለች ከኋላዬ። «የራስሽን ብትጥዪ ምን አለበት?»

ልትቀልድ ነው የፈለገችው። ድምጿ ግን ይንቀጠቀጣል።

አመሻሹ ላይ ሬዲዮው ሳልነካው በራ።

«እትዬ... ተነስታለች። ወዳንቺ።»

ይህ ሲባል ልጅቷ ቤት የለችም። ውሃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ ወደ ሐይቁ ወርዳ ነበር። ሮጬ ወጣሁ። ጉም ወርዶ ሐይቁንም ተራራውንም ውጦታል።

«ነይ ግቢ!» ብዬ ተጣራሁ።

«መጣሁ አያቴ።»

መልሱ ሁለት ነው።

አንዱ ከሐይቁ። አንዱ... ከተራራው።

አንዷ ከጉሙ ውስጥ እየሮጠች ብቅ አለች። ከየት በኩል እንደመጣች አልለየሁም። ጎትቼ አስገባኋትና በሩን ቀረቀርኩት።

«ባልዲውስ?»

«ጣልኩት» አለች። ሄዳ ምድጃው ጋ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆየት ብሎ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ተብሎ።

«አያቴ... ደረስኩ። ክፈቺልኝ።»

የደከመ ድምፅ ነው። እኔው ያሳደግኩት ድምፅ። እጄ ሳላዘው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ።

ምድጃው ጋ ያለችው ዞር እንኳ ሳትል...

«እንዳትከፍቺ» አለች በሹክሹክታ።

የቷ ናት የኔ ልጅ? ሁለቱም ድምፅ የሷ ነው። ሁለቱም ይንቀጠቀጣል።

አልከፈትኩም።

የውጭዋ ለመነች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች። ዝናቡ ሲያወርደው አደረ።

ሲነጋ በሩን ከፈትኩ። ግቢው ውሃ ሆኗል። ደረጃው ይንጠባጠባል። ከደረጃው ድንጋይ ላይ ግን ሰው ኩርምት ብሎ የሚቀመጥባትን ያህል ቦታ... ደረቅ ናት።

ጎንበስ ብዬ እጄን አሳረፍኩባት።

ትሞቃለች።

«ነይ እስቲ፣ ይህን እዪ» አልኩ ወደ ውስጥ።

«እሺ አያቴ።»

መጣች። ስታልፈኝ የነካኝ እጇ፣ ምድጃ ጋ አድራም፣ በረዶ ነበር። ወደ ታች አላየችም። ያችን ደረቅ ቦታ ሳታያት ተራመደቻትና፣ ወደ ጉሙ ወረደች።