የደጋ ካንዴላ

ፈህሚያ ለቢያዝን መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «ይሄን ጥላሸት ከባንኮኒው ላይ አንሳልኝ» የሚል ነበር። ፍቅር እንዲህ ይጀመራል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ይመኙሽ እባላለሁ፤ ጎንደር አውቶፓርኮ፣ ከፈህሚያ አባት ከሐጂ ዐብዱረሕማን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አጠገብ የሞተር ዘይት እሸጣለሁ። በሁለታችን ሱቅ መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ወሬ አይከለክልም፤ ለምን ሰማሽ ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ።

ጥላሸት ያለችው ካንዴላ ነበር፤ የቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረው ዕቃ። እኛ ዘንድ የመኪና ዕቃ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ናሙና ይዞ ነው የሚመጣው። ሰውየው የዕቃውን ስም ቢስት እንኳ ናሙናው ራሱ ይናገራል። ቢያዝን ከዳባት በላይ ካለው አገር የመጣ ነው፤ አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር ይነዳል፤ ሌላ መኪና ከማይደፍረው ቀበሌ ሕመምተኛና ወላድ ያወርዳል። ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ እንዳሉ ዘረገፋቸው።

ፈህሚያ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ሞተር አስነስተህ ቁጭ ትላለህ» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ይሄው ነዋ። እንዲህ የሚጠቁረው ቆሞ ሲያጓራ የሚውል ሞተር ነው። ማንን ስትጠብቅ ነው?»

«ወላድ። በቃሬዛ ተሸክመው እስኪያደርሱልኝ ካጠፋሁት፣ በዚያ ብርድ ማኪናው አልነሳ ይለኛል።»

ካንዴላውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ልጅቱ ዕቃ ቀስ ብላ የምታስቀምጥ ልጅ አይደለችም፤ ለዚህ ነው ጆሮዬን ያቀናሁት። በለሰለሰ ድምፅ «የምትነዳው ደጋ ነው ቆላ?» ብላ ጠየቀችው።

ይህን ጥያቄ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ካንዴላ ጫፉ ላይ ነጭ ሸክላ አለው። ሸክላው የረዘመው ሙቀት ይይዛል፣ ጥላሸቱን ያቃጥላል፤ እሱ ለደጋ ነው። ያጠረው ቶሎ ይበርዳል፤ እሱ ለቆላ ነው። የደጋውን ቆላ ይዞ የወረደ ሞተሩን ያቃጥላል። ሐጂ ይህን ሳይጠይቁ ካንዴላ ሸጠው አያውቁም፤ ልጃቸውም እንደዚያው።

«ደጋ» አላት። «ከደጋም ደጋ።»

ከዚያ በኋላ ልጁ መመላለስ አበዛ። አንድ ቀን ያመጣላትን ካንዴላ አገላብጣ አይታ ሳቀች።

«ይሄ ገና አዲስ ነው። ምነው አወጣኸው?»

«ናሙና ሳልይዝ ብመጣ አያ ሐጂ ምን ፈልገህ ነው ይሉኛላ።»

«እና ምን ፈልገህ ነው?»

አዲሱን ካንዴላ ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ዓይን ዓይኗን ሲያያት ነው የቆየው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና፣ ሐጂም እያዩ እንዳላዩ ከረሙ። በኋላ ግን ቢያዝን ጨዋ ልጅ ስለሆነ ተደብቆ መቀጠሉን ጠላ፤ ኮፍያውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ።

«አያ ሐጂ፣ ልጅዎን ለትዳር ፈልጌአታለሁ። ሽማግሌ ልላክ?»

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«አንተ ሸጋ ልጅ ነህ» አሉት። «ግን ክርስቲያን ነህ። ሽማግሌ ልከህ ሰው አታድክም።»

ፈህሚያ ማታውን እኔ ዘንድ መጥታ ዘይት በርሜል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አባቴን ጥዬ አልሄድም፤ እሱንም አልተውም» አለችኝ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆንም ማለቱን ትቼ በነጠላዬ ጫፍ እንባዋን ጠረግሁላት። አንድ የሚያደርጋቸው የሐጂ እሺታ ብቻ ነበር።

በዚያው ክረምት ማብቂያ የፈህሚያ ታላቅ ወንድም ናስር ሰሊጥ ሊገዛ መተማ ወርዶ መንገድ ተዘጋበት። ከጎንደር መተማ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ይታገታል፣ ይገደላል። ናስርን እዚያው ወባ ጣለው። ስልክ ሲገኝ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ያቃስታል። ሐጂ የሚያውቁትን ሾፌር ሁሉ ለመኑ፤ ሁሉም «ልጆች አሉኝ» አለ። እኚያ ትልቅ ሰው ቀን ከቀን እየሟሸሹ ሲሄዱ በዓይኔ አየሁ።

በዚህ መሐል አንድ ጠዋት ቢያዝን መጣ። ፈህሚያ ብቻዋን ነበረች።

«ስድስቱንም ካንዴላ ልቀይር ነው» አላት።

«ደጋ ነው ቆላ?»

«ደጋ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ።

«ፊትህን ምን ነካው?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

ፈህሚያ ሸክላው የረዘመውን መረጠችለት። አንድ በአንድ እያወጣች በቀጭኗ መለኪያ የጫፉን ክፍተት ለካች፤ ጉድለት ያየችበትን መልሳ ሌላ አነሳች። ለእሱ ስትመርጥ ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ለሌላው ደንበኛ ከነካርቶኑ ነው የምትሰጠው። ሲወጣ እጇን ያዝ አድርጎ ለቀቃት። እኔ እያየሁ እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር።

የቀረውን የነገረን ናስር ነው።

ቢያዝን ናስርን ከመተማ ሊያመጣ በቀጥታ ወደ አዘዞ፣ ከአዘዞ ወደ ቆላ ወረደ። «ለፈህሚያ ብነግራት አትሰደኝም ነበር» አለው ናስርን። የደጋ ካንዴላ መሆኑን ያውቃል፤ አንድ ጉዞ ምን ያደርገዋል ብሎ ናቀው። መሄዱስ በሰላም ሄደ። ሲመለሱ ግን ገንዳ ውኃን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ በዚያ ሐሩር፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ጥቂት እንደ ተጓዙ ፒስተኑ ነደደና መኪናው ቆመ። ቆመው ሳለ ሰሊጥ የጫነ መኪና ደረሰ፤ ጋቢናው ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው። ቢያዝን ናስርን በክንዱ አቅፎ ጫነው።

«አንተስ?» አለው ናስር።

«ማኪናዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ያገሬ ወላዶች በምን ይወርዳሉ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ግን ሞኝ ነው ማለት አቃተኝ። ናስር ቤቱ ገባ። ቢያዝንን በማግስቱ መኪናው ጎን ተመትቶ አገኙት። ማን እንደ ገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የሚጠይቅም የለም።

ፈህሚያ ወንድሟ ሲናገር ቆማ ሰማችው። «ፒስተኑ ነደደ» ሲል ብቻ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ጠይቄው ነበር» አለች። «ጠይቄው ነበር እኮ። ለምን ይዋሸኛል? ቆላ ቢለኝ የቆላውን እሰጠው ነበር፤ እያለቀስኩም ቢሆን እሰጠው ነበር።» ተናደደችበት። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐጂ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው በሕይወት ቢመለስላቸውም ደስታቸውን መግለጽ አልቻሉም።

«ምን ብሎህ ነው የመጣው?» አሉት ናስርን።

ናስር መናገር ፈራ። እንደ ምንም ብሎ «‹አንተን በእጄ ካስረከብኳቸው እምቢ አይሉኝም› አለኝ» አላቸው።

ሐጂ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍቱ መጡና «ይመኙሽ፣ የልጁን አገር የሚያሳየን ሰው ፈልጊ። ለቅሶ እንሄዳለን» አሉኝ። ፈህሚያን ይዘን በዳባት በኩል ወጣን። መኪና እስከሚያስኬደው ሄደን የቀረውን በእግር ተጓዝን። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዳገቱ ላይ በዱላ እየተደገፉ ሄዱ እንጂ በቅሎ ሲሰጧቸው እምቢ አሉ።

የቢያዝን እናት እማማ ታየች ጥቁር ለብሰው ከለቀስተኛው መሐል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ገባሁ። ፈህሚያ ግን ደጃፉ ላይ ቀረች። የት ትቀመጥ? ዘመድ አይደለች፣ ሚስት አይደለች፣ ሻሽዋን ያየ ሁሉ ዞሮ ያያታል። እማማ ታየችም አዩዋት።

«ያቺ ልጅ ማን ናት?» አሉ።

ሐጂ ከወንዶቹ መካከል ተነሡ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እህቴ» አሉ። «እኔ አባቷ ነኝ። እሷ ምራትዎ ናት።»

እማማ ታየች ሰውየውን ቀና ብለው አዩ፤ ልጅቱንም አዩ።

«ልጄ ሚስት እንዳገባ አልነገረኝም» አሉ። «መቼ ነው የዳራችሁለት?»

«ዛሬ ነው» አሉ ሐጂ። «እሱ በጊዜው ጠይቆኝ ነበር። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ታየች ጠጋ አሉና ለፈህሚያ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።