ቅድሚያ ለክሊኒኩ

«ለክቡራን የኩባንያችን ሠራተኞች በሙሉ! የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ሀብቶም ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት በከፍተኛ ማዕረግ ስለምትመረቅ፣ ሁላችሁም በየጠረጴዛችሁ ሆናችሁ ሥነ ሥርዓቱን በቀጥታ ስርጭት እንድትከታተሉ በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን።»

ተመራቂዋ መሪ በተባለው ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ስትወጣ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለች ትንሽ ክሊኒክ ገመዳ የሚባል ንብ አናቢ ሞተ። ንብ ነድፎት ጉሮሮው አብጦ ነበር። ከከተማ ሆኖ ነርሷን በቪዲዮ ይመራ የነበረው ሐኪም ምስሉ ደረቀ፤ ድምፁም ጠፋ። ሰርክ የተባለችው ይህች ነርስ የመድኃኒቱን መጠን ልትሰማ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። ፖሊስ «በቸልተኝነት ገድለሻል» ብሎ አሰራት።

ኢንስፔክተር ማዕዶት ግን ክሊኒኩ ኢንተርኔቱን ከማን እንደሚገዛ ጠይቃ፣ እዚያው ዳገት ላይ ወዳለው የአቶ ሀብቶም ኩባንያ ወጣች።

«መስመሩ ምን ነካው?»

ነአምን የሚባለው ወጣት መሐንዲስ አንገቱን አከከ። «ለመቶ ሰው የሚበቃውን ለሁለት ሺህ እንሸጣለን። ሁሉም ባንዴ አይከፍትም ብለን።»

«እንደ ታክሲ ትርፍ ትጭናላችሁ በለኛ።»

«የታክሲው ትርፍ እንኳ ይታያል! በምረቃው ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ስርጭቱን ሲከፍት መስመሩ ታነቀ። ግን ክሊኒኩን መንካት አልነበረበትም፤ እንደ አምቡላንስ ቀድሞ የሚያልፍበት የራሱ ጠባብ መንገድ አለው። የሆነ ሰው ክሊኒኩን አስወጥቶ የራሱን ኮምፒውተር አስገብቶበታል። ኋላ መልሶ አሻራውን አጠፋ።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።»

«ያን ሰዓት እዚህ የነበራችሁትስ?»

«እኔ፣ የሽያጯ አምለሰትና ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ገላው። ሌላው ሠራተኛ ከየቅርንጫፉ ነው ያየው። የሞባይል ኔትወርክ እንደሆነ እዚህ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ሁላችንም ያየነው በዚሁ መስመር ነው።»

ማዕዶት ሦስቱንም ስለ ምረቃው ብቻ ጠየቀች።

«ወይኔ ስታምር!» አለች አምለሰት። «ጋውኑ ልክክ ብሎባት...»

«ኬኩስ?»

«ኬኩም... ያው ኬክ ነዋ።»

«እኔ ያየሁት የአቶ ሀብቶምን የተከፈተ አፍ ነው» አለ ነአምን። «እስከ መጨረሻው አልተዘጋም።»

አቶ ገላው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ቆቧ ወድቆ ስታለቅስ አባትየው ተንበርክከው አነሡላት። ወዲያው ‹እንዴት ያለ አባት!› ብዬ ጻፍኩላቸው።»

በማግስቱ ሁሉም በኩባንያው አዳራሽ ተሰበሰቡ።

«አቶ ሀብቶም፣ ቆቡ የወደቀበት ቅጂ አለ?» አለች ማዕዶት።

«በጭራሽ! አስቆርጬዋለሁ። ለሰው ባደረስኩት ቪዲዮ ላይ ቆቧ ንቅንቅ አይልም።»

«እንግዲህ ስሙኝ። አምለሰት ያላየችውን አሞገሰች። ነአምን የደረቀ ምስል አየ። በታነቀ መስመር ላይ ምስሉ የሚጠራው የክሊኒኩን መንገድ ለወሰደው ብቻ ነው። ቆቡ ሲወድቅ ያዩት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ገላው። አባትየው ኋላ ነግረውዎት ይሆናል እንዳንል፣ በስልካቸው ላይ ሰዓቱን እንዳየሁት ሙገሳዎ የደረሳቸው ልጅቷ ለቅሶዋን ሳታቆም ነው።»

አምለሰት ወንበሯን ከአቶ ገላው ራቅ አደረገች።

«ሰርክ በመደበኛ ስልክ ወደዚህ ደውላ ‹ሰው እየሞተብኝ ነው› ብላለች። አንድ ወንድ ‹በትዕግሥት ይጠብቁ› ብሎ ዘጋባት። እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

ማዕዶት ወደ ጣቢያው ደውላ «ሰርክን ፍቷት» አለች።

«ገላው፣ ለእኔ ብለህ ነው?» አሉ አቶ ሀብቶም፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

«አላብራራም።»

«የገመዳ ሚስት በር ላይ ቆማለች» አለች ማዕዶት። «ለእሷስ?»

አቶ ገላው ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ለእሷም አላብራራም።»