የዳማው ቀኝ እግር

የእንስሳት ሐኪሙ የጋጣው ገለባ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከጆሯቸው በላይ ያለው አጥንት ተሰብሯል፤ አንድ እጃቸው የላስቲክ ጓንት እንዳጠለቀ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ዳማው ፈረስ ጥጉን ይዞ ይንቀጠቀጣል። የኋላ ግራ ሰኮናው ላይ ደም ደርቋል።

«ረግጧቸው ነው» አለ ባለጋጣው፣ መርማሪዋ ገና ከበሩ ሳትገባ። «ምን ይደረግ፣ የእንስሳ ነገር!»

ነገርን ስለምታበጥር ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ገለባውን ረግጣ ገባች። ዓይኗ ፈረሱ ላይ ነበር። ዳማው የኋላ ቀኝ እግሩን አጥፎ የሰኮናውን ጫፍ ብቻ መሬት አስነክቷል፤ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል።

«ከዚህ አውጡልኝ» አለች።

ባለጋጣው እጁን ሲዘረጋ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጥርሱን አሳየው። ሽማግሌው ፈረስ ጠባቂ ሞከሩ፤ እሳቸውንም በአንገቱ ገፈተራቸው። በውድድር ዘመኑ ትጋልበው የነበረችው የባለጋጣው የእህት ልጅ ስትጠጋ ግን ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። በሦስት እግሩ እያነከሰ ተከትሏት ወጣ።

ወንፊት ባለጋጣውን ቢሮው ውስጥ አስቀመጠችው።

«ፈረሱ የሚሸጥ ነው?»

«ከውድድር ጡረታ ወጥቷል። ገዢዋ ዛሬ ልትወስደው ነበር።»

«በዚህ እግሩ?»

«ትናንት እንደ ነፋስ ሲሮጥ አይታዋለች እኮ!»

«ሕመሙን የሚደብቅ መርፌ ተወግቶ?»

ባለጋጣው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «የመገጣጠሚያ መርፌ ለሯጭ ፈረስ ብርቅ አይደለም። ሟቹ ራሳቸው ይወጉት ነበር። ዘንድሮ ግን ‹አጥንቱ እየተበላ ነው፣ በቃው› ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ እኔ አላስወጋሁም። ሙት ይንቀፈኝ!»

ገዢዋ ለልጇ ፈረስ ፈልጋ የመጣች መምህርት ናት። መሐረቧን ጨብጣ ነበር የምታወራው።

«ሲሮጥ አይቼ ልቤ ጠፋ። ብቻ ለማንኛውም ብዬ ለዶክተሩ ደወልኩ። ‹ሩጫውን አይተሽ አትታለዪ። ስንቴ እንደተወጋ፣ መቼና በማን እንደሆነ ጠይቂ። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልፍ ደግመሽ እዪው፤ ራጅም ይነሳ። መርፌው ነውር የለውም፤ ነውሩ መደበቁ ነው› አሉኝ። ጠዋት መጥተው ሊያዩት ቃል ገቡልኝ። ምነው ባልደወልኩ!»

ፈረስ ጠባቂው የጋጣውን በር ተደግፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ ሐኪሙን በሕይወት ያዩዋቸው የት ነው?»

«እዚሁ ልጄ። ጎንበስ ብለው የቀኝ እግሩን ፋሻ ሲፈቱ ትቻቸው መኖ ላመጣ መጋዘን ሄድኩ። ስመለስ ወድቀዋል። ጮህኩ።»

«ሲፈቱ?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ወንፊት በጋጣዎቹ በሮች ፊት ለፊት አለፈች። የየበሩ ተነቃይ መቀርቀሪያ ብረት አቧራ ጠግቧል። የዳማው በር መቀርቀሪያ ግን ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው።

ጋላቢዋን ያገኘቻት ፈረሱ አጠገብ ነው።

«ፋሻውን ማን አሰረው?»

«እኔ። ትናንት ማታ ትንሽ አብጦበት ነበር።»

«ዛሬስ ነካሽው?»

«አልነካሁትም። ቤት ነበርኩ፤ ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ወንፊት አራቱንም በፈረሱ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩን ያዙ።

«ፈረስ በኋላ ግራው ሊራገጥ በቀኙ መቆም አለበት» አለች ረጋ ብላ። «ይህ ግን በቀኙ መቆም አቅቶታል። ስለዚህ ዳማው ማንንም አልመታም። ሐኪሙን የገደላቸው የታጠበው የበሩ መቀርቀሪያ ብረት ነው፤ ደሙን ሰኮናው ላይ የቀባው ደግሞ ሰው ነው።»

ባለጋጣው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለምን ግራው ላይ? ቀኙ ላይ ቢቀባ ሁላችንም ያንን እግር እንመረምራለን። ገዳዩ ዓይናችን እዚያ እንዳያርፍ ፈልጓል።» ወደ ጋላቢዋ ዞረች። «ነይ ፍቺለት፤ ጠብቆበታል።»

ጋላቢዋ ተንበረከከች። ፋሻውን ዙር በዙር ፈታችው። ዳማው አቃሰተ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ውጪው የጸዳ ፋሻ የመጨረሻው ዙር ላይ ቀላ። ከሥሩ እንደ ሎሚ ያበጠ መገጣጠሚያ ወጣ፤ ጸጉሩ በምላጭ ተላጭቷል፣ ዙሪያውን ደም ተረጭቷል።

«ሐኪሙ ሲመቱ ይህ እግር ተገልጦ ነበር» አለች ወንፊት። «ደሙ የተረጨው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ፋሻውን መልሶ ጠመጠመው። ዳማው በዚህ ሕመሙ ባለቤቱን ነክሶ ሊጥል ነበር፤ የሚቀልቡትን አባባንም አላስጠጋም። ከሐኪሙና ካንቺ ሌላ እግሩን ማንን ያስነካል?»

ጋላቢዋ ፋሻውን እንደያዘች መሬት ላይ ቀረች።

«የወጋሁትም እኔ ነኝ» አለች። «አጎቴ ‹ካልተሸጠ ይገደላል› ብሎኝ ነበር። ዶክተሩ ሲወጉ ብዙ ጊዜ ስላየሁ የማውቅ መሰለኝ። ቤት እንዲያገኝ ብዬ ነው… መርዤው ኖሯል።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ደርሼ ለመንኳቸው። ዝም በሉልኝ አልኳቸው። ‹ይህ ፈረስ አይሸጥም፤ መኪና ጠርቼለታለሁ› አሉ። ከዚህ ግቢ በመኪና ተጭኖ የሄደ የታመመ ፈረስ ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤ ሊያስገድሉት መሰለኝ። ሊያዩት ሲያጎነብሱ ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ ፈረስ ጠባቂው።

ፖሊሱ እጇን ሲይዛት ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ቆመ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ወርዶ ወደ በሩ መጣ።

«ከእንስሳት ሆስፒታል ነን። ዶክተሩ የት አሉ? ‹መገጣጠሚያው ሳይመረዝ አይቀርም፤ ዛሬውኑ ከታጠበ ይተርፋል፣ አልጋ ያዙልኝ› ብለው ደውለውልን ነበር።»

ጋላቢዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ለማከም ነው የጠሩት?»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ አንዱን ካንዱ ያይ ጀመር። «ታዲያ ለምን ይሆናል?»

ልጅቷ ወደ ዳማው ዞረች። ወንፊት ብዙ ገዳይ አይታለች። ያን ቀን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ፈረስ ጠባቂው ልጓሙን ይዘው፣ «ና አባቴ፣ ና» እያሉ፣ ዳማውን በሦስት እግሩ ወደ መኪናው ወሰዱት።